አንገትሽን አሳዪ

አባቴን በዚህ ጽሑፍ አንቱ አልለውም። በቁሙ ሳለ ስለው ኖሬያለሁ፤ ይበቃዋል።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ ንዴት ነው፣ ምን እደብቃለሁ። በቅርቡ አንድ ዘመዳችን ሞቶ ለቅሶ ሄጄ ከድንኳኑ ጥግ ንፍሮዬን ይዤ ተቀምጬ ነበር። ከፊቴ ሁለት ሽማግሌዎች ስለ አባቴ ያወራሉ። «እንደሱ ያለ ክርስቲያን አሁን የታለ! ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ ባፉ አይዞርም ነበር» አለ አንደኛው። ሌላው ራሱን እየነቀነቀ «ማተቡስ! ያች ማተቡ እኮ ከሩቅ ትታይ ነበር» አለ። ንፍሮው ከእጄ ተበተነ። ከማተቡ ሌላ የሚያነሡለት አጡ? አይ እነሱ፣ ምን ያውቃሉ! ከዚያ ቀን ጀምሮ አንጀቴ እርር እንዳለ ነው። ስለዚህ ያየሁትን ልናገርና ይውጣልኝ።

ቤታችን ከመካነ ሰላም የአንድ ሰዓት መንገድ ወጣ ብሎ፣ ገብስና ባቄላ ከሚበቅልበት ደጋ ላይ ነበር። እኔ ያኔ ከባሌ ተፋትቼ ወደ አባቴ ቤት የተመለስኩ የሃያ ዓመት ሴት ነበርኩ። እናቴ ሞታ ስለነበር የጓዳው ቁልፍ የኔ መቀነት ላይ ታሰረ። ቁልፉ ነው እንጂ ቃሉ የኔ አልነበረም። ፈት ሴት ባባቷ ቤት ምን ቃል አላት!

አባቴ የሚካኤል ማኅበር ሙሴ ነበር። ለማያውቅ ልንገረው፤ ማኅበርተኛው በየወሩ በዐሥራ ሁለት ቀን በየተራው ቤቱ ይደግሳል፤ ዳቦ ይቆረሳል፤ ጽዋ ይዞራል። ከመካከላቸው አንዱ አለቃ ይሆንና ሙሴ ይባላል። ሕዝብ ከባርነት ያወጣውን ሰው ስም ለማን እንደሚሰጡት አያዩም መቼም! አባቴ ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ከበቅሎው ወርዶ የበሩን መቃን ግራና ቀኝ ሦስት ሦስት ጊዜ ይሳለማል። ሲምል «ይህችን ማተቤን!» ብሎ ክሩን በጣቱ ይስባል። ማተቡ ከጥቁር ክር ወፈር ተደርጋ የተገመደች ነበረች። ላይ ላዩን ላየው ጻድቅ ነው፤ ውስጡን ለቄስ።

ክሩን፣ የሱንም የኔንም፣ ፈትዬ ጥቁር ቀለም የነከርኩት እኔ ነኝ። ጥጡን ያመጡልን ደግሞ ከዓባይ በረሃ በኩል የሚወጡ አንዲት ሙስሊም እናት ነበሩ። በየገበያው ዋዜማ ጥጣቸውን ተሸክመው ይመጡና እኛ ቤት አድረው በማግስቱ ከተማ ይገባሉ። እናቴ ትወዳቸው ነበር። ሥጋ በተሠራ ቀን ለሳቸው ለብቻ ሽሮ ታንተከትክላቸዋለች። እናቴ አልጋ ላይ በወደቀች ጊዜ ሁለት ገበያ ትተው አጠገቧ ተቀምጠው ዱዓ አድርገውላታል፤ እግሯን አጥበዋታል። አንቱታ እንዲህ ላለ ሰው ነው።

ያ ክፉ ቀን የመጣው ንጉሡ ሊወርዱ አንድ ዓመት ያህል ሲቀራቸው ነው። ቆላው በድርቅ ነደደ። እኛ ጋ ገብሱ ቢቀጥንም ጨርሶ አልጠፋም፤ ስለዚህ ሰው ወደኛ ይወጣ ጀመር። መጀመሪያ ወንዶቹ ሥራ ፍለጋ መጡ። ቀጥሎ ሴቶቹ ልጅ አዝለው መጡ። በኋላ ልጆቹ ብቻቸውን ይመጡ ጀመር። ከተማው ሻይ ቤት ያለው ራዲዮ ግን ስለዚህ አንዲት ቃል አይተነፍስም፤ የእንትን አገር እንግዳ ቤተ መንግሥት ገባ፣ የእንትን አገር እንግዳ ወጣ ይላል።

በዚያው ሰሞን ማኅበርተኛው ተሰብስቦ መከረ። አንድ ደግ ገበሬ «ለጊዜው ድግሱ ይቅርና እህሉን ፈጭተን ለነዚህ ሰዎች አጥሚት እናፍላላቸው» አለ። አባቴ እንደ እብድ አየው። «ሚካኤልን ልናስቀይመው? ጽዋው ሳይዞር ከየት የመጣ በረከት ነው?» አለ። ከዚያ የራሱን ዘዴ አመጣ። ማኅበርተኛው ከበላ ከጠጣ በኋላ የተረፈው ዳቦ ለችግረኛ ይሰጣል፤ ነገር ግን ለክርስቲያኑ ብቻ። «ለመጣው ሁሉ አንበቃም። የእስላሙን የራሱ ወገን ያብላው» አለ። ሰውየው «ሁሉም አጥንት ሆኖ በምን ይለያል?» ብሎ ቢጠይቀው አባቴ የራሱን ክር ሳብ አደረገና «ማተብ አለ አይደለም እንዴ! አንገቱን ማየት ነው» አለ። የማኅበሩ ቄስ ጠላቸውን ይጎነጫሉ። ወንዶቹን ወንድ ይያቸው፣ ሴቶቹንና ሕፃናቱን ሴት ትያቸው ተባለ። ሴቷ እኔ ሆንኩ።

እምቢ አላልኩም። ይህን ልብ በሉልኝ። አባቴን ስረግም ራሴን የደበቅሁ እንዳይመስላችሁ።

በመጀመሪያው ወር ተራው የጎረቤታችን ነበር። እኔ ከአጥሩ በር ላይ ቆምኩ። «አንገትሽን አሳዪ» እላለሁ። አሮጊቶች ነጠላቸውን ገለጥ ያደርጋሉ፤ ክሩ ከአጥንታቸው ጋር ተጣብቋል። ልብሷን በሙሉ ሸጣ በጆንያ የተጠቀለለች ሴት ማተቧን ግን አልበጠሰችም ነበር፤ እሷን አሳለፍኳት። ሌላዋ «መንገድ ላይ ተበጥሶብኝ ነው፣ በማርያም ይዤሻለሁ!» አለችኝ። አላመንኳትም፤ መለስኳት። እመቤቴን፣ ሥራዬን አሳምሬ ነበር የሠራሁት! ጥቂት ቀን ሳይቆይ ወሬው ተዳረሰና ልጆች ከጆንያ ክር እየመዘዙ አንገታቸው ላይ እያሰሩ ይመጡ ጀመር። አባቴ ሳቀ። «ክር አይደለም ገመድ ቢያስሩ አያታልሉኝም። የክርስትና ስማቸውን እጠይቃቸዋለሁ» አለ።

በሚቀጥለው ወር ተራው የኛ ሆነ። ሳምንት ሙሉ ስፈጭና ስጋግር ሰነበትኩ። ማኅበርተኛው ቤት ውስጥ ተደርድሮ ይበላል፣ ከውጭ «ስለ ሚካኤል! ስለ ሚካኤል!» የሚለው ድምፅ እንደ ዝናብ አያቋርጥም። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አንገት አያለሁ። አንዲት ከሲታ አሮጊት አምስት ዓመት የማትሞላ ልጅ በእጃቸው ይዘው ከፊቴ ቆሙ። ቀና ብዬ እንኳ ፊታቸውን አላየሁም።

«አንገትሽን አሳዪ።»

«የእናትሽ ልጅ፣ ደኅና ነሽ ወይ?» አሉኝ። «ከስተሻል። አሞሽ ነበር?»

በድምፃቸው ነው ያወቅኳቸው። ባለ ጥጧ እናት ናቸው። አፈር ስሆን ተመልከቱ፤ እሳቸው በረኃብ ሊወድቁ ተቃርበው እኔን ከስተሻል አሉኝ! ልጅቷ የልጃቸው ልጅ ነበረች። እናቷም አባቷም መንገድ ላይ ቀርተዋል።

አሁን ያደረግሁትን ስሙኝ። የጓዳው ቁልፍ ወገቤ ላይ ነው። በጓሮ አዙሬ አስገብቼ ያሻቸውን ላበላቸው እችል ነበር። አባቴ ከማኅበርተኛው ጋር ተቀምጧል፤ ማን ያየኛል? ግን ይህ ባሳቤ አልመጣም! አእምሮዬ በሙሉ በክሩ ተይዞ ነበር። እኔ ያሰብኩት ሕጉን እንዴት እንደማታልል ብቻ ነው። ሁለት ዙር ያሰርኩትን የራሴን ማተብ ፈታሁና በጥርሴ ከመካከሉ በጠስኩት። ግማሹን መልሼ አንገቴ ላይ አሰርኩና ሌላውን ለሳቸው ዘረጋሁላቸው።

«እናቴ፣ ይህችን አንገትዎ ላይ ይሰሩ። ማንም አያውቅም» አልኳቸው።

ክሩን በጣታቸው ዳሰስ አደረጉት። የራሳቸው ጥጥ መሆኑን ያወቁት ይመስለኛል። «የኔ ልጅ፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ለዳቦ ብዬ አላህን አልዋሽም። ያንቺንም ጌታ አልዋሽም» አሉ። ከዚያ ልጅቷን አዩ። «ይህች ግን ነፍስ አላወቀችም። ለሷ እሰሪላት። ጥፋቱ በኔ ይሁን።» ይህን ብለው ከአጥሩ ሥር ሄደው ተቀመጡ።

ክሩን በአንገቷ ልክ አሳጥሬ ለልጅቷ አሰርኩላት። ደስ አላት፤ ጌጥ መስሏት በጣቷ ትነካካዋለች። ከሌሎቹ ልጆች ጋር አሰለፍኳት። አባቴ ከቤት ወጥቶ ዳቦውን በራሱ እጅ ማደል ጀመረ። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ከጎኑ ቆመዋል። ተራዋ ሲደርስ ቁራሹን ሰጣት። ወዲያው ገመጠችው። አባቴ ጎንበስ ብሎ ክሩን አየና «የኔ ልጅ፣ የክርስትና ስምሽ ማን ነው?» አላት፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ደግ አባት።

ልጅቷ ሰው ስሟን ሲጠይቃት መናገር ጨዋነት መሆኑን ተምራለች። አፏ ዳቦ እንደሞላ ስሟን ነገረችው፤ አያቷ የሚጠሯትን፣ ከነአባቷ ስም። ማንም ሰው የሙስሊም ስም መሆኑን ያውቃል። ከኋላ የቆሙት ማኅበርተኞች ሳቁ።

አባቴ ግን አልሳቀም። ዳቦ የሚቆርስበትን ቢላ ከመሶቡ ላይ አነሣ። በአንድ እጁ ክሩን ከአንገቷ ሳብ አድርጎ ቆረጠው። «ማተብ የዳቦ መግዣ አይደለም!» አለ። ከዚያ ዳቦውን ከእጇ ወሰደው።

አላለቀሰችም። ዳቦውን ሲወስድባት እጇን ከፈተችለት፤ ትልቅ ሰው ያለውን የምትሰማ ልጅ ነበረች። ከዚያ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። ክሩን ያሰርኩላት እኔ ነኛ! እኔ ምን እንደምል ትጠብቃለች። እኔ ወደ ቄሱ አየሁ። ቄሱም ዝም፣ መጽሐፉም ዝም። ዝም አልኩ።

አያትየው ከአጥሩ ሥር ተነሥተው መጡና የልጅቷን እጅ ያዙ። «አብሽር፣ ሙሴ» አሉት፤ በኛ አገር ሰው ሲያዝን አይዞህ የሚባልበት ቃል ነው። «እህልህን አላህ ይባርክልህ።» ሌላ ምንም አላሉም። ቀስ እያሉ ቁልቁለቱን ወረዱ። ቢረግሙህ ይሻልህ ነበር፣ አባቴ!

ዳቦውስ? ዳቦው የእስላም ልጅ የገመጠችው ነውና ማኅበርተኛው አይበላውም። አባቴ ከድንጋይ ካቡ ላይ አስቀመጠው። ፀሐይ ሳይጠልቅ ዶሮዎቹ ወጡበት። ያች ትንሽ የጥርሷ ምልክት ከቁራሹ ጫፍ ላይ ነበረች፤ በዓይኔ አይቻታለሁ። ከመሬት የወደቀውን ክር አነሣሁና መቀነቴ ውስጥ ሸሸግሁት። ሰዉ ከተበተነ በኋላ አባቴ «ለመሆኑ ክሩን ማን ሰጣት?» አለኝ። «እኔ እንጃ፣ አላውቅም» አልኩት። ዶሮዎቹ ዳቦውን እየለቀሙ ስለነበር፣ እንደዚያ ሐዋርያ ስክድ የሚጮኽብኝ እንኳ አልነበረም።

ሦስት ቀን እንቅልፍ አጣሁ። በአራተኛው ቀን ገበያ ነበርና ዱቄት ቋጥሬ ከተማ ወረድኩ። ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ፈለግኋቸው፣ መስጊዱ ደጅ ፈለግኋቸው፣ የሉም። አንዲት ጨው ሻጭ «ከቆላ የመጣው ሰው ሁሉ እዚያች ጠላ ሻጭ ግቢ ነው» አለችኝ።

ጠላ ሻጯን ሰው ሁሉ ያውቃታል። ከከተማው ዳር ሁለት ክፍል ቤት አለቻት። አፏ አይጣል ነው፤ ወንዱን ሁሉ ከነአባቱ ትሰድባለች። አንገቷ ላይ ማተብ የለም። አንድ ጊዜ ማኅበር ልግባ ብላ ለምና አባቴ «ጠላ ሻጭና ጽዋ ምን አገናኛቸው!» ብሎ መልሷታል። ጽዋው ውስጥ ያለው ጠላ ከሰማይ የወረደ መሰለው!

ግቢዋ ስገባ ጠላ የለም። ለጠላ የገዛችውን ገብስ በሙሉ አስፈጭታ፣ ጥንስስ በምትጠነስስበት ትልቅ ጋን አጥሚት ሞልታ ትቀዳለች። ግቢው ሙሉ ሰው ተቀምጧል። እኔ ልማድ ሆኖብኝ በመካከላቸው ሳልፍ ዓይኔ አንገት አንገታቸውን ያያል። ለካ ታየኛለች።

«አንቺ! አንገታቸው ላይ ምን ትፈልጊያለሽ? ያለው ቅማል ነው!» አለችኝ። ከዚያ ቋጠሮዬን አየች። «ዱቄት ነው? ታዲያ ምን ይገትርሻል? አምጪውና ጭልፋውን ያዢ!»

ጭልፋውን ያዝኩ። ለስንቱ እንደቀዳሁ አላውቅም፤ ማንንም ምንም አልጠየቅኩም። እንዴት እንደሚቀል! ኋላ ላይ ልጅቷን ከጋኑ አጠገብ ተቀምጣ ጣቷን ስትልስ አገኘኋት። አያቷ ከውስጥ፣ ከጠላ ሻጯ አልጋ ላይ ተኝተው ነበር። አላፈርኩም፣ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። እሳቸው ግን ዓይናቸው ጠላ ሻጯ ላይ ነው።

«አደራ» አሏት። «ልጅቷን በሃይማኖቷ አሳድጊልኝ። ከሃይማኖቷ አታውጪብኝ።»

ጠላ ሻጯ «ወላሂ!» አለች፤ ከዚያ ለማረጋገጥ «በማርያምም!» ብላ ጨመረች። በማግስቱ አረፉ። የሰፈሩ ሙስሊሞች አጥበው ገንዘው ቀበሯቸው።

ያ ቃል ተጠበቀ። ይህን ነው የምላችሁ! ያች ስካርና ስድብ የሞላበት ቤት ያላት ሴት የልጅቷን ሳህን ለየች፤ ሥጋ ሲያምራት ከሙስሊም ጎረቤት ታስመጣላታለች። ነፍስ ስታውቅ ቁርአን ቤት አስገባቻት። ሰካራም ልጅቷ አጠገብ ክፉ ቃል ከተነፈሰ በጭልፋ ታባርረዋለች። እኔ በየገበያው ከአባቴ ጓዳ እየሰረቅሁ ዱቄት አመላልሳለሁ፤ አዎ፣ እየሰረቅሁ። አንድ ቀን «እትዬ፣ ማተብሽን ለምን አታስሪም?» አልኳት። «አንድ ሰካራም በጠብ መካከል በጠሰብኝ። የሚገባኝ ቀን አስረዋለሁ ብዬ ተውኩት። እስካሁን አልደረሰም» አለችኝና ገብሷን ማበጠሯን ቀጠለች። የተቆረጠውን ክር ለልጅቷ መለስኩላት። ሙስሊም ናትና አንገቷ ላይ ስለማይሆን ጫፍና ጫፉን ቋጥራ እጇ ላይ ጠመጠመችው።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። ንጉሡ ወረዱ፣ መሬት ለአራሹ ተባለ፣ ገበሬ ማኅበር ተቋቋመ። ሊቀ መንበሩ ማን ሆነ? አባቴ ነዋ! ማኅበር ካለ እሱ አለቃ ነው፤ የሚካኤል ይሁን የገበሬ ምን ቸገረው። አንድ ቀን ከከተማ ካድሬ ይመጣል ተባለ። ሽጉጥ የታጠቀ፣ ሃይማኖት ኋላ ቀርነት ነው እያለ የሚያስተምር ወጣት ነው። የዚያን ቀን ጠዋት ወደ ጓዳ ስገባ አባቴን በመስተዋት ፊት ቆሞ አገኘሁት። በእጁ ያንኑ የዳቦ ቢላ ይዟል። ማተቡን ሳብ አድርጎ ቆረጠው።

 ዘወር ሲል አየኝ። አንገቱ ላይ ክሩ የነበረበት ቦታ ነጣ ያለ መስመር ሆኖ ቀርቷል።

«ምን ታፈጫለሽ?» አለኝ። «ክር ነው እኮ። ሃይማኖት በልብ ነው።»

ሰማችሁ? ሃይማኖት በልብ ነው! እውነት ነው እኮ፤ እውነቱን ያውቀው ኖሯል! ያንን ቃል ለዚያች ሕፃን ቢላት ምን ነበር? አፏ ውስጥ ያለውን ዳቦ ትውጠው ነበር። ለራሱ ሲሆን ልብ፣ ለሌላው ሲሆን አንገት! ከዚያ ቀን ጀምሮ የኮቱን ኮሌታ እስከ ጉሮሮው እየቆለፈ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ሰው ብርድ ነው ብሎ አሰበ። እኔም እንደ ልማዴ ዝም አልኩ።

ጠላ ሻጯ በተስቦ የሞተችው ከዚያ በኋላ ባለው ክረምት ነው። ልጅቷ ያኔ ስምንት ዓመት ሆኗት ነበር። ወንድም የላት፣ እድር የላት። የሰፈሩ ሰው፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ በቃሬዛ ተሸክሞ ወደ ቤተ ክርስቲያናችን አመጣት፤ አገሯ ከኛው ቀበሌ ነበርና። በሩ ላይ ቄሱ ቆመዋል፤ ሊቀ መንበሩ አባቴም ቆሟል።

ቄሱ «የንስሐ አባቷ ማን ናቸው?» ብለው ጠየቁ።  አባቴ ቀደም አለ።

«ምን የንስሐ አባት አላት! ጠላ ስትሸጥ የኖረች፣ ማተብ እንኳ ያላሰረች ሴት እንዴት ቅጥር ትገባለች? ከውጭ፣ ከአጥሩ ሥር ትቀበር» አለ።

ማተብ እንኳ! ከየት እንደመጣ የማላውቀው ድምፅ ከጉሮሮዬ ወጣ።

«አባዬ፣ ኮሌታዎን ይክፈቱ!»

ሰዉ ዞረ። አባቴ «ምን አልሽ?» አለ።

«ኮሌታዎን ይክፈቱ አልኩ! አንገትዎን ያሳዩ! እኔ ስንት የተራበ ሰው አንገትሽን አሳዪ እያልኩ መልሻለሁ፤ ያዘዙኝ እርስዎ ነዎት። አሁን ተራው የእርስዎ ነው፣ ያሳዩን!»

እጁ ወደ ኮሌታው ሄደ። አልከፈተውም፤ ጨምድዶ ያዘው። «አብዳለች። ከሰካራም ጋር ውላ አብዳለች፣ ያዟት» አለ። የያዘኝ ሰው ግን የለም። ሁሉም ያንን የጨመደደ እጅ ያያል። ይክፈተው ብሎ የደፈረም የለም፤ ሊቀ መንበር ነዋ።

በዚህ መካከል ልጅቷ ወደ ቃሬዛው ተጠጋች። እጇ ላይ የተጠመጠመውን ክር በጥርሷ ፈታችና ከጠላ ሻጯ አንገት ላይ ልታስር ሞከረች። አጠራት። የልጅ አንገት ልክ ነው እኮ። ቀና ብላ አየችኝ፤ እንደዚያን ቀን። በዚህኛው ግን ዝም አላልኩም። የራሴን ግማሽ ከአንገቴ ፈታሁና ቀጠልኩበት። ሁለታችን አሰርንላት። አባቴ አንዱን ቋጠሮ አተኩሮ አየው፤ ቢላው ያለፈበት ቦታ ነው።

ቄሱ ወደ ቃሬዛው ጠጋ ብለው ክሩን አዩ። ከዚያ፣ በጣም ቀስ ብለው፣ «ማተቡስ እሺ። ግን የክርስትና ስሟን ሳላውቅ በማን ስም ልፍታት?» አሉ።

እርስ በርሳችን ተያየን። ያን ሁሉ ዘመን ጠላዋን የጠጣ ወንድ እዚያ ቆሟል፤ ጠላ ሻጯ ከማለት ሌላ የሚያውቅ የለም። እኔ ራሴ እትዬ ከማለት በስተቀር ጠይቄያት አላውቅም። አባቴ ከኮሌታው ላይ እጁን አወረደ፤ ነገሩ ያለቀለት መሰለው።

«እኔ አውቀዋለሁ» አለች ልጅቷ። «የሞትኩ ቀን ይጠይቁሻል ብላ አስጠንታኛለች።» ስሙን ከነ«ወለተ»ው አጥርታ፣ ቁርአን ቤት እንዳስተማሯት ፊደል ሳታድበሰብስ ተናገረች።

ቄሱ መስቀላቸውን አነሡና በሩን አስከፈቱ። ቃሬዛው ገባ፣ እኛም ተከትለን ገባን፤ ፍታቱም በዚያ ስም ተደረሰ። ልጅቷ ሙስሊም ናትና አልገባችም፤ ዝናብ እየመታት ከበሩ ውጭ ቆማ ጠበቀችን። አባቴ ግን ኮሌታውን እንደቆለፈ የበሩን መቃን ግራና ቀኝ ሦስት ሦስት ጊዜ ተሳልሞ ገባ።